ተመላሿ እንቁራሪት

ቶጂ ቤተ መቅደስ ግቢ ስደርስ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም፤ ነጋዴዎቹ ግን ሸራቸውን ዘርግተው፣ ዕቃቸውን ደርድረው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ጨርሰዋል። በኪዮቶ ከተማ ይህ ገበያ የሚቆመው በየወሩ በ21ኛው ቀን ነው። ቀኑ ኮቦ ዳይሺ የሚባሉት የቡድሃ መነኩሴ ያረፉበት ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 835። እኛ ወር በገባ በ21 ማርያምን እንደምንዘክር፣ ኪዮቶዎችም በ21 «ኮቦ ሳን» ብለው ይወጣሉ። ዛሬ ግን ከዝክሩ ገበያው ገንኗል። ባለ አምስት ደርቡ የእንጨት ማማ ሥር አሮጌ ኪሞኖ ተከምሯል፤ ዝገት የበላው መጥረቢያ፣ ጠርዙ የተሸረፈ የሩዝ ሳህን፣ ባለቤቱ የማይታወቅ የሰርግ ፎቶግራፍ። ሥልጠና የመጣሁት ኦሳካ ነበር፤ ከዚያ ኪዮቶ በባቡር ግማሽ ሰዓት ነው። ያን ቀን የወጣሁት ለእናቴ ጨርቅ ልገዛ ነው።

ጨርቅ ሳልገዛ ተመለስኩ። ከአንዲት አሮጊት ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ቀረሁ። በልቤ «እማማ» ብዬ ጠራኋቸው፤ ሰባ አምስት ይሆናቸዋል፣ ጥቁር ሹራብ ለብሰው በእግራቸው ሥር ትንሽ የጋዝ ምድጃ አንድደዋል። ጠረጴዛቸው ላይ በቀይ ጨርቅ የተደረደሩት አውራ ጣት የሚያካክሉ የእንስሳት ቅርጾች ናቸው። አይጥ ጭራዋን ታቅፋ ተኝታለች። ከርከሮ ሣር ውስጥ አንኮራፍቷል። ቀንድ አውጣ ከቅርፊቱ ግማሽ ወጥቷል። አንዲት የእንጨት እንቁራሪት አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና «ካኤሩ» አሉ። አልገባኝም። ፈገግ ብለው ሁለት ጣታቸውን እግር አስመስለው ጠረጴዛው ላይ ወደ ዳር አስኬዱት፤ ዳር ሲደርስ አዞሩትና ወደ ደረታቸው መልሰው አመጡት። «ካኤሩ» አሉ ደግመው።

እንቁራሪት በጃፓንኛ ካኤሩ ናት። ወደ ቤት መመለስም ካኤሩ ነው። መንገደኛ እንቁራሪት የሚይዘው ለዚህ ነው፤ ሄዶ እንዲመለስ። ቦርሳ ውስጥ የሚያስቀምጧትም አሉ፤ የወጣው ገንዘብ ይመለስ ዘንድ። እኔ በሰምና ወርቅ ያደግኩ ሰው ነኝና ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ሰሟ እንቁራሪት፣ ወርቁ መመለስ። እኛ ቅኔውን በአፋችን ስንዘርፈው እነሱ ቀርጸው ወገባቸው ላይ አንጠልጥለውታል።

ወገባቸው ላይ ያልኩት በዘይቤ አይደለም። ዕቃው ኔትስኬ ይባላል፤ አገልግሎቱም ማስጌጥ አልነበረም። ኪሞኖ ኪስ የለውም። የኤዶ ዘመን በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868 በነበረው ጊዜ፣ አንድ ወንድ ከቤቱ ሲወጣ የትምባሆ ከረጢቱን፣ የፒፓ ማኅደሩን፣ ገንዘቡን፣ ማኅተሙን ወይም መድኃኒቱን የሚይዝበት ነገር ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ዕቃውን በክር አስሮ፣ ክሩን በመታጠቂያው ሥር ወደ ላይ ያሾልከዋል። ክሩ ተንሸራቶ እንዳይወርድ ከላይ፣ ጫፉ ላይ፣ እንደ ቁልፍ የሚይዝ ነገር ይታሰርበታል። ያ ነገር ነው ኔትስኬ። የመድኃኒት ሣጥኗ ኢንሮ ትባላለች፤ በላክ የተቀባች፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚገጥም ብዙ ክፍል ያላት ድንቅ ሥራ ናት። የምታድረው ግን በላይዋ በተቀመጠችው አይጥ ጥንካሬ ነው።

እናቴ ብሯን የምትቋጥረው መቀነቷ ጫፍ ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ የዳቦ ስጠይቃት ቋጠሮውን በጥርሷ ስትፈታ ትዝ ይለኛል። የኤዶ ሰውም ችግሩ ያው የእናቴ ችግር ነበር፤ መላው ነው የተለየው። እናቴ ቋጠረች፣ እነሱ ቋጠሮውን እንስሳ አደረጉት።

አሮጊቷ እንቁራሪቷን ገልብጠው ሆዷን አሳዩኝ። ሁለት ቀዳዳ አላት፤ ውስጥ ለውስጥ የተገናኙ፣ አንዱ ሰፋ ያለ። ክሩ በጠባቡ ገብቶ በሰፊው ይወጣና ቋጠሮው ሰፊው ውስጥ ይደበቃል። ከዚያ እግሮቿን አየሁ። ከሆዷ ሥር ተጣጥፈዋል፤ አንዲት ጣት እንኳ ወደ ውጭ አልሾለችም። በጣቴ ዞርኩባት፣ የሚቧጥጥ ነገር የለም። ያን ጊዜ ነው ጠረጴዛው ላይ ያሉት እንስሳት ሁሉ ለምን እንደተኙ፣ እንደተጠቀለሉ፣ እንደተኮራመቱ የገባኝ። ቀና ያለ ጆሮ ሐሩን ይቀድዳል፤ የተዘረጋ ጭራ ክር ይስባል ወይም ራሱ ይሰበራል። ቀራጩ አይጥ ቅረጽ ሲባል ጭራውን የት እንደሚያስገባ ነው መጀመሪያ የሚጨነቀው። ጭራው ዞሮ ከሆድ በታች ያልፍና የክሩን ቀዳዳ ራሱ ይሠራል። የአጋዘኑ ቀንድ ወደ ጀርባው ይታጠፋል። ያንን የእንቅልፍ ሰላም ብዙ ሰው ከቡድሃ ሃይማኖት ጋር ያያይዘዋል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ያመጣው ጨርቁ ይመስለኛል።

በማግስቱ ሚቡ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ1820 የተሠራ የሳሙራይ መኖሪያ ቤት አለ፤ ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ የኪዮቶ ሴይሹ ኔትስኬ ሙዚየም ሆኗል። ከውጭ ሲያዩት ከጎረቤቶቹ ዝም ያለ ቤት ነው። ውስጡ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ኔትስኬዎች አሉ፤ ከነዚህ ብዙዎቹ በዘመናችን ያሉ ቀራጮች የሠሯቸው ናቸው። ዛሬ የሚቀርጹት ለማንም መታጠቂያ አይደለም፤ ግን ሁለቱን ቀዳዳ አይረሱም። ቀዳዳ የሌለው ኔትስኬ አይባልም።

ሙዚየም ያለ መስታወት አይሆንም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ለእጅ የተሠራን ነገር በመስታወት ውስጥ ማየት የወጥ ሽታ በመስኮት እንደማሽተት ነው። ጃፓኖች «ናሬ» የሚሉት ነገር አለ፤ ከብዙ ዘመን መዳሰስ የሚመጣው ልስላሴ። በእውነት ያገለገለ ኔትስኬ በወገብ በኩል የዋለው ጎኑ እንደ ሳሙና ይለሰልሳል፤ ጉድጓድ ጉድጓዱ፣ ጣት የማይደርስበት፣ የጥንቱን ቅርጽና ጥቁረት እንደያዘ ይቀራል። ይህን ዓይን ብቻውን አይጨርሰውም።

ስለ ትርጉማቸው ሲነገር ብዙ ጊዜ ዝርዝር ነው የሚቀርበው፤ ዔሊ ረጅም ዕድሜ፣ አይጥ ሀብት፣ ጥንቸል ጨረቃ። ዝርዝሩ ውሸት አይደለም። አይጥ ዳይኮኩ ከሚባለው የብልጽግና አምላክ ጋር ትሣላለች፤ እሱ በሩዝ ከረጢት ላይ ይቆማል፣ እሷ ሩዙ ካለበት አትጠፋም። ጥንቸል ደግሞ ጃፓኖች በጨረቃ ላይ ባለው ጥቁረት የሚያዩዋት ናት፤ በሙቀጫ ሩዝ ስትወቅጥ። ሰው የተወለደበትን ዓመት እንስሳ ይይዝ ነበር፤ ዓመታቱ በአሥራ ሁለት እንስሳ ይዞራሉና፣ ከአይጥ ይጀምራሉ በከርከሮ ይደመደማሉ። አይጥ አንደኛ የሆነችው በሬ ላይ ተፈናጣ ሄዳ በሩ ላይ ስትደርስ ስለዘለለች ነው ይባላል፤ በሬ ጀርባ ላይ የተቀመጠች አይጥ ስታዩ ይህንኑ ተረት ነው የምታዩት። ሁሉም እውነት ነው። ዝርዝሩ ግን ሣቁን ያስቀርብናል።

ነብርን እንውሰድ፤ ነብር ስል የኛን ነጠብጣባሙን ሳይሆን ባለ ሸንተረሩን ነው። በጃፓን ምድር ነብር የለም። ቀራጮቹ ያዩት ከባሕር ማዶ የመጣ ቆዳና የቻይና ሥዕል ብቻ ነው፤ የጎደለውን ከቤት ድመታቸው ሞሉት። ስለዚህ የኔትስኬ ነብር ራሱ ትልቅ፣ ዓይኑ ፈጣጣ፣ ጭራው ጀርባው ላይ የተጋደመ፣ ዓሣ የተነፈገ ድመት የሚመስል ፍጡር ነው። «ነብር ጀግንነትን ያመለክታል» ይላል ዝርዝሩ። አየሁት፤ ጀግና አይመስልም። የሚያስቅ ነው፣ ሆን ተብሎም ይመስለኛል።

ጦጣም እንደ እንቁራሪቷ የቃል ጨዋታ ናት። ሳሩ ማለት ጦጣ ነው፤ ሳሩ ማለት መሄድ፣ መራቅም ነው። ክፉው ይራቅ ለማለት ጦጣ ይያዛል። በዓለም ሁሉ የታወቁት ሦስቱ ጦጣዎች፣ ዓይኑን የሸፈነው፣ ጆሮውን የያዘው፣ አፉን የዘጋው፣ ኒኮ በሚባለው ቦታ በቤተ መቅደሱ የፈረስ ጋጣ ላይ ተቀርጸው ይገኛሉ። እነሱም የቋንቋ ልጆች ናቸው፤ በድሮው ጃፓንኛ «አላይም፣ አልሰማም፣ አልናገርም» ሲባል የአሉታው መጨረሻ «ዛሩ» ነው፣ ለጆሮ «ሳሩ» ይመስላል። ጦጣዎቹ የመጡት በዚያ በር ነው። ጉጉት «ፉኩሮ» ነው፤ ቃሉን ከፈል ብታደርጉት «ችግር የለም» ይሆናል። እኛ ቤት ጉጉት ከጮኸ የምንለውን ታውቃላችሁ። እዚያ ሰው ጉጉትን ለልደት ስጦታ ይሰጣል።

ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት የአምባዛውን ነው። በኪዮቶ ምዕራብ፣ ሚዮሺንጂ በሚባለው ትልቅ ገዳም ውስጥ ታይዞ ኢን የሚባል ትንሽ ገዳም አለ። ጆሴትሱ የተባለ መነኩሴ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሣለው ሥዕል ንብረቱ ነው፤ አንድ ሰው ቅል ይዞ ውኃ ዳር ቆሟል፣ ከፊቱ አምባዛ ይዋኛል። ጥያቄው፦ በሚያንሸራትት ቅል የሚያንሸራትት ዓሣ እንዴት ይያዛል? ዜን በሚባለው የቡድሃ ሃይማኖት ዘርፍ ያሉ መነኮሳት ሲጨነቁበት የኖሩት እንቆቅልሽ ነው። ቀራጮቹ ይህን ከገዳም አውጥተው የትምባሆ ከረጢት ላይ አንጠለጠሉት፤ አንዳንዴም ሰውየውን ትተው ጦጣ ቅል ይዞ ከአምባዛ ጋር ሲታገል አደረጉት። አምባዛ ግን ሌላም ሸክም አለበት። ምድርን የሚያንቀጠቅጠው ከመሬት ሥር ያለ ግዙፍ አምባዛ ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የአምባዛ ሥዕሎች በየመንገዱ ተሸጡ። በአንዳንዱ ሥዕል ላይ ሕዝቡ ዓሣውን ሲደበድብ ይታያል፤ በአንዳንዱ ደግሞ አናጢው ያመሰግነዋል፣ ሥራ መጥቶለታላ። እንግዲህ አምባዛ የሚያመለክተው ምንድነው? ለመነኩሴው ሌላ፣ ቤቱ ለፈረሰበት ሌላ፣ ለአናጢው ሌላ።

ይህን ሁሉ ያሠራው ገንዘብ በአብዛኛው የነጋዴ ገንዘብ ነበር። በጊዜው ሥርዓት ነጋዴ ከሳሙራይ፣ ከገበሬና ከእጅ ሠሪ በታች ነው፤ ገንዘቡ ግን እሱ ጋ ነው። መንግሥት ልብሱን ይቆጣጠረዋል፤ ይህን ሐር አትልበስ፣ ያን ቀለም አትድፈር እያለ። ሰውየው ደግሞ ሀብቱን ወደ ትንሽ ነገር ወሰደው። ከሩቅ ሲያዩት ጠቆር ያለ ልብስ የለበሰ ሰው ነው፤ ጠጋ ያለ ግን ወገቡ ላይ የቶሞታዳን በሬ ያያል። ቶሞታዳ በ18ኛው መቶ ዘመን ኪዮቶ ውስጥ የኖረ ቀራጭ ነው፤ የተንበረከኩ በሬዎቹ ስመ ጥር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1781 ኦሳካ ላይ የታተመው ሶኬን ኪሾ የሚባል መጽሐፍ፣ ስለ ሰይፍ ማስጌጫ ተጽፎ ሳለ ከ50 በላይ የኔትስኬ ቀራጮችን ይጠቅሳል፤ የቶሞታዳ አስመሳይ እንደ በዛም ይናገራል። ያን ጊዜውኑ! እኔ ኦሳካ ላይ ከአንድ ሱቅ «የሁለት መቶ ዓመት የዝሆን ጥርስ ነው» ተብዬ ልገዛ እጄን ኪሴ ከትቼ የነበረው በሬ፣ በብርሃን ስገለብጠው ሆዱ መሐል ቀጥ ያለ የቅርጽ ማውጫ ስፌት ነበረው። ፕላስቲክ ነው፣ በሻይ ተነክሮ የቆየ መስሏል። ቀዳዳዎቹም ክር ገብቶባቸው የማያውቁ፣ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ የሳለ።

ከእ.ኤ.አ. 1868 በኋላ ኔትስኬ ሥራ ፈታ። ሥልጣን ወደ ንጉሠ ነገሥት ሜጂ ተመለሰ፣ ሹማምንቱ ሱሪና ኮት ለበሱ፤ ሱሪ ደግሞ ኪስ አለው። ሲጋራ መጣ፤ ፒፓና ከረጢቱ ቀረ። አባቶች ዕድሜ ልክ የያዙትን ልጆች በቁና ለፈረንጅ ሸጡት፤ ዛሬ ብዙው ምርጥ ኔትስኬ ያለው ከጃፓን ውጭ ነው። የፓሪሱ ባለጠጋ ሻርል ኤፍሩሲ በ1870ዎቹ 264ቱን ገዛ፤ በ1899 ቪየና ለሚኖረው የአጎቱ ልጅ የሰርግ ስጦታ ላካቸው። በ1938 ናዚዎች ቪየና ሲገቡ ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነውና ቤቱ ተዘረፈ፤ ሥዕሉ፣ መጽሐፉ፣ የብር ዕቃው ሁሉ ሄደ። የቤት ሠራተኛዋ አና ግን ኔትስኬዎቹን ጥቂት ጥቂት እያደረገች በሽርጧ ኪስ አወጣች፣ በፍራሿ ውስጥ ደበቀች፣ ከጦርነቱ በኋላ 264ቱንም ለቤተሰቡ ልጅ መለሰች። ታሪኩን የጻፈው የዚያው ቤተሰብ ዘር የሆነው ሸክላ ሠሪ ኤድመንድ ደ ዋል ነው፤ መጽሐፉ በ2010 ወጣ። ኪስ ባለመኖሩ የተሠራ ነገር በኪስ ተረፈ። መጽሐፉ አናን በስሟ ብቻ ነው የሚጠራት፤ የአባቷን ስም ቤተሰቡ እንኳ አላስታወሰውም።

የምሸሸውን ነገር መናገር አለብኝ። ከቆንጆዎቹ ብዙዎቹ የዝሆን ጥርስ ናቸው። ጃፓን ዝሆን የላትም፤ ጥርሱ በመርከብ ናጋሳኪ ይገባ ነበር፣ ሻሚሰን የሚባለውን ባለ ሦስት አውታር መሣሪያ መምቻ ሠርተው የተረፈውን ቁራጭ ቀራጮቹ ይወስዱታል። አንዳንዱ የድሮ ኔትስኬ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ከዚያ የተነሣ ነው። ዓለም እ.ኤ.አ. በ1989 የዝሆን ጥርስ ንግድ እንዲታገድ ወሰነ። አዲስ አበባም መጋቢት 2007 ዓ.ም. 6.1 ቶን የተያዘ የዝሆን ጥርስ በእሳት አጋየች፤ ከጥሬው ጋር የተቀረጸም ነበረበት። ያን ዜና አይቼው ነበር። ሚቡ መስታወት ፊት ቆሜ፣ ጥርሷን የገለጠች ትንሽ ነጭ አይጥ እያየሁ፣ ያ ጭስ ትዝ አለኝ። የዛሬዎቹ ቀራጮች በብዛት የሚሠሩት በእንጨት፣ በአጋዘን ቀንድና ከበረዶ በሚወጣ የማሞት ጥርስ ነው። ፁጌ የሚሉት ጠንካራ ቢጫ እንጨት ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ መዳፍ ውስጥ ቶሎ ይሞቃል።

አሮጊቷን ዋጋ ስጠይቃቸው ሦስት ጣት አሳዩኝ፤ ሦስት ሺህ የን። «አሮጌ ነው?» አልኳቸው በስልኬ ትርጉም። ስልኩን አንብበው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አዲስ ነው፣ ፊርማም የለውም፣ እንጨት ነው። አልተከራከርኩም። ሲጠቀልሉልኝ እንደገና ጣታቸውን ወደ ዳር አስኬደው መለሱት።

ቦሌ ስደርስ ቁልፌ ላይ ታስራ ነበር። እናቴ ጨርቅ ስትጠብቅ እንቁራሪት አውጥቼ አሳየኋት። ገልበጥ አድርጋ አየቻትና «ቀዳዳዋ ለምንድነው?» አለችኝ፤ ስለ ፊቷ አልጠየቀችም። መቀነቷን አሳይቼ አስረዳኋት። «ታዲያ ይሄማ ቁምነገር ነው» ብላ መለሰችልኝ። እንቁራሪቷ አሁን እኔ ዘንድ አራት ዓመቷ ነው፤ ከቁልፍ ጋር ስትጋጭ ጀርባዋ በቀኝ በኩል መለስለስ ጀምሯል።

ኪዮቶ የምትሄዱ ከሆነ ቀናችሁን ከ21 ጋር አስማሙት፣ በጠዋት ሂዱ። የዝሆን ጥርስ ነው ካሏችሁ፣ እውነትም ሆነ ውሸት፣ ተዉት፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም። ሌላውን ሲያቀብሏችሁ ግን ፊቱን አይታችሁ አትመልሱት። ገልብጡት፤ ቀዳዳዎቹን እዩ።